አዲስ መዝገብ በተከፈተ ቁጥር

በቀበሌያችን መዝገብ ዝም ብሎ አይከፈትም። ሕፃን ሲወለድ እትብቱ እንደሚቆረጥ፣ ወንድ ከሆነም እንደሚገረዝ ሁሉ፣ መዝገብም ሲወለድ የሚደረግለት ነገር አለ። ማንም አድርጉ አይልም፤ ይደረጋል። የቀበሌው ጸሐፊ ጋሼ ገብረኪዳን ከመሳቢያው ሰፊውን ወረቀት ያወጣና ርዕሱን ይጽፋል። የእድር አባላት ይሁን፣ የቧንቧ ውሃ ተጠቃሚ ይሁን፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። ከዚያ ወደኔ ይገፋዋል። እኔ አሰምራለሁ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር። ቀጥዬ የማህተሙን ትራስ ትፍ እልበትና (ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል) ማህተሙን ከላይ በቀኝ በኩል እመታለሁ። ይኼ ሳይደረግለት ስም የገባበትን ወረቀት ጋሼ ገብረኪዳን መዝገብ አይለውም፤ ዲቃላ ነው የሚለው።

እኔ ሸዋርጋ ነኝ። ትምህርቴን ሰባተኛ ላይ ያቆምኩት ደንቁሬ አይደለም፤ የሒሳብ አስተማሪያችንን ሱሪው ከኋላ መቀደዱን ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ስለነገርኩት ነው። ወላጅ አምጪ አሉኝ፣ እናቴ መጥታ ከኔ የባሰ ተናገረች፣ በዚያው ቀረሁ። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል። ቀበሌ የገባሁት በሱ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ጓድ ማዘንጊያ የሚባል ካድሬ ከአውራጃ ተመድቦ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው የሚፈራውም ለዚሁ ነው። በመጣ በሳምንቱ ጠረጴዛችን ላይ እጁን አስደግፎ እንዲህ አለ፦

"ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም አዲስ መዝገብ ሲከፈት፣ ማንኛውም ነው ያልኩት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። 'ወንድ፣ ከ18 እስከ 30' ይባል። ከሥሩ ካርቦን ይግባ። ቅጂው ለኔ።"

"ጓድ፣ ሴቶቹስ ምን በደሉ?" አልኩት።

ጋሼ ገብረኪዳን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ጓድ ማዘንጊያ ሻዩ ውስጥ የገባች ዝንብ እንደሚያይ ሰው አየኝና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የተከፈተው የመጀመሪያ መዝገብ የውሻ ነበር። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ውሻ ሊከትብ ስለሆነ ባለውሻ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። እኔም እንደ ልማዴ አሰመርኩ፤ አዲሱን ዓምድ ጨመርኩ። "ጋሼ፣ ከ18 እስከ 30 የሚባለው ውሻው ነው ባለውሻው?" ብዬ ስቄያለሁ። ሰዉ ውሻውን በገመድ እየጎተተ መጣ፤ የቤተሰቡን ዕድሜ እንደ ሰላምታ እየተናገረ ተመዘገበ፤ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ጎህ ሲቀድ አብዮት ጠባቂዎች ሠፈሩ ውስጥ ገቡ። አፈሳ ነው ተባለ፤ ለብሔራዊ ውትድርና። ግን እንደ ሌላው ጊዜ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ አላፈሱም። ቤት እየመረጡ፣ በስም እየጠሩ ነው ያወጡት። የገቡበትን ቤት ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ውሻው ተከትቧል። ውሻ የሌለው ቤት አልተነካም።

ሠፈሩ ግን ጠቋሚ መሀላችን አለ አለ። አናጢውን ተረፋን ጠረጠሩት፤ የቀበሌውን አግዳሚ ወንበር ስለሠራ ብቻ። "አካም ቡልቴ" ብሎ እንደምን አደራችሁ ሲላቸው ፊታቸውን ያዞሩበት ጀመር። ከኔና ከጋሼ ገብረኪዳን በቀር እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም። ለጋሼ የኛ ዓምድ ነው ያስያዛቸው አልኩት።

"ሸዋርጋ፣ አንቺ የምታሰምሪው መስመር ነው" አለኝ። "መስመር አያይም፣ አይሰማም፣ አያወራም።" 

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ውሻ አልነበረም፤ ወንድሜ ገቢሳ ነው። ገቢሳ ሃያ ሞልቶታል። ያደገው ጉቴ በምትባል ከተማ፣ አጎቴ ጋ ነው። አባታችን ባቻ ከሞተ በኋላ እናቴ ብቻዋን አቃታት፤ ባለፈው መስቀል ፍራሹን ተሸክሞ መጣላት። ወረቀት አያውቀውም። በቀበሌው የቤት መዝገብ ላይ እኛ ሁለት ነፍስ ነን፦ እናቴ ወለቴና እኔ። ገቢሳ በጓሮ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ የእናቴን የሻይ ዕቃ ያጥባል። በወረቀት የለም፤ ስለሌለም አለ።

ለእናቴ ስለ ዓምዱ አልነገርኳትም። እናቴ ጆሮ የገባ ወሬ ከሻዩ ጋር በብርጭቆ ይቀዳል፤ ለጊምቢ መንገደኛ፣ ለደምቢ ዶሎ መንገደኛ ይከፋፈላል። ማታውኑ ጓድ ማዘንጊያ ይሰማዋል።

ያን ጊዜ ስኳር ከከተማው ጠፍቶ ነበር። እናቴ ሻይ በከረሜላ መሸጥ ጀምራለች፤ መንገደኛው ከረሜላውን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ሻዩን ይጠጣል። ደንበኛው ግማሹ ሸሽቷታል። እንዲህ ባለበት ወቅት ነው አንድ ሰኞ ጠዋት ጓድ ማዘንጊያ ገብቶ "ስኳር መጥቷል፤ በነፍስ ወከፍ ይታደላል። አዲስ መዝገብ ክፈቱ" ያለው።

ጋሼ ገብረኪዳን ሰፊውን ወረቀት አወጣ። 

"ጋሼ፣ ለስኳርም?"

"መዝገብ ነው፣ አይደል?"

"ሰው እኮ ለስኳር ሲሆን የጎረቤቱን ልጅ ጭምር ቆጥሮ ነው የሚመጣ።"

"ለዚህ ነዋ" አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ማስመሪያውን አነሳሁ። መስመሩ ጠመመብኝ፤ በሕይወቴ መስመር ጠሞብኝ አያውቅም። ውጪ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ "የስኳር ምዝገባ፣ የቤተሰባችሁን ቁጥር ይዛችሁ ኑ" እያለ በሠፈሩ ይዞራል። እናቴ ጋ ሮጬ ለመድረስ ሽንት ቤት ልሂድ አልኩ። ጓድ ማዘንጊያ በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጦ ጥፍሩን በክብሪት እንጨት ያጸዳል።

"መስመሩን ጨርሺ" አለኝ።

"ሊያመልጠኝ ነው፣ ጓድ።"

"ያዢው።"

ያዝኩት። መስመሩን ጨረስኩ፤ ማህተሙን መታሁ፤ ካርቦኑን አስገባሁ። ቀና ስል ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ ባሕር ዛፉ ደርሷል። መጀመሪያ የቀረቡት ሽማግሌው ኦቦ ጉሉማ ናቸው፤ ካንዲት የልጅ ልጅ በቀር ሰው የላቸውም። ቀጥሎ ተረፋ ከነሚስቱ፣ ሕፃን አዝለው። "ዕድሜ?" አለው ጋሼ። "ሃያ ሰባት" አለ ተረፋ፣ እንደ ሰላምታ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት፤ ሳል አስመስዬም ሳልኩ። ተረፋ "እግዜር ይማርሽ" አለኝ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ምልክቱን አደረግኩ፤ ካድሬው ከወንበሩ ላይ ሆኖ እያየኝ ነበር።

ያኔ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ከሰልፉ መሀል ከሐረግወይን ጋር ይዘላለፋሉ። ሐረግወይንም መናኸሪያ ሻይ ሻጭ ናት፤ ሁለቱ በአንድ መንገደኛ ሲሻሙ ነው የሚውሉት።

"አዴ ወለቴ፣ ስኳር ካገኘሽ ያን ሁሉ ከረሜላ ማን ይልስልሻል?"

"ያንቺን ሻይ ጠጥቶ አፉ የመረረው ይልሰዋል። ምን ቸገረሽ።"

"የኔስ ሻይ ነው። ያንቺ ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ነው ይላሉ።"

ሰልፉ ይስቃል። እናቴ ደስ ብሏታል፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለስኳሩ ንጹሕ ከረጢት ይዛ መጥታለች። እንዲህ ሆና ካየኋት ስንት ጊዜዬ። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ለሰው ስለኔ ስትናገር እንደምታደርገው ጠቀሰችኝ፤ ልጄ ቢሮ ናት እንደማለት።

"ስም?" አለ ጋሼ ገብረኪዳን።

"ወለቴ ኃይለጊዮርጊስ። ዛሬ አላወቅኸኝም? የዱቤውን ሻይ ስትጠጣ ግን ታውቀኛለህ።"

"ስንት ነፍስ?"

"ሦስት።"

የክብሪት እንጨቱ ቆመ።

"የቤቱ መዝገብ ሁለት ይላል" አለ ጋሼ፣ ቀና ሳይል። የማምለጫ በር እየከፈተላት ነበር። እናቴ በሩን አላየችውም።

"ያ መዝገብ አርጅቷል። ሦስት ነን፣ ጻፍ።"

ጓድ ማዘንጊያ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። "ሦስተኛው ማነው፣ እናት?"

"ድመቷን ቆጥራ ነው፣ ጓድ" አልኩ። "ድመታችን ስኳር ትወዳለች።"

ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እናቴ ግን ጆሮዋ ቀላ። "አንቺ ባለጌ፣ ሰው ፊት ታዋርጂኝ? ድመት የታለን?" ወደ ካድሬው ዞረች። "አይስሟት። ሦስተኛው..."

"እማ፣ ወረቀቱን እስኪ አንብቢው" አልኳት በላይዋ ላይ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ወረቀቱን ገልብጬ በሷ በኩል አዞርኩት። "መሠረተ ትምህርት ጨረስኩ፣ ሰርተፊኬት ወሰድኩ ትይ የለም? ወይስ ሰርተፊኬቱን ገዝተሽው ነው?"

እናቴን የሚያውቅ ሰው ይኼን አይላትም። ፊደል የቆጠረችው በጎልማሳነቷ፣ ማታ ማታ፣ ጭስ በበላው ዓይኗ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የስንዴ ጆንያ፣ የአውቶቡስ ታርጋ፣ የመቃብር ድንጋይ። ልክ ሲያስተምሯት እንደነበረው ጣቷን እያስኬደች፣ ፊደል በፊደል፣ ጎረቤት እየሰማ።

"እኔ ነኝ የገዛሁት?" አለች። "እኔ? አምጪው።"

ጣቴን የመጨረሻው ዓምድ ራስ ላይ አሳረፍኩ። ጣቷን አጠገቡ አደረገች።

"ወ... ን... ድ። ወንድ" አለች፣ በሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "ከ... አሥራ ስምንት... እ... ስ... ከ..."

እዚያ ላይ ድምፅዋ ወረደ።

"ሠላሳ" አለች።

 ሰው ሁሉ ውሻውን ይዞ የመጣበትን ቀን ሲያስታውስ ፊቱ ላይ ይታያል። አንዲት ሴት ከረጢቷን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ አስገባች። እናቴ ጣቷን አላነሳችም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። የምችለው ያን ያህል ነበር።

"ሦስተኛው?" አለ ጓድ ማዘንጊያ፣ ድምፁን ሳይጨምር።

"ባሌ ነው፣ ጓድ" አለች እናቴ።

"የት ነው ያለው?"

"መቃብር። ባቻ ይባል ነበር።" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ምን ላድርግ፣ ሰው ስንት ናችሁ ሲለኝ አፌ ሦስት ይላል። ለምዶበታል። ሁለት ብለህ ጻፈው፣ ገብረኪዳን።"

 ካድሬው አገጩን ወደ ሐረግወይን ቀሰረ። "አንቺ ጎረቤቷ ነሽ?"

"ምን ጎረቤቷ። ጠላቷ ነኝ እንጂ።"

"ጥሩ። ጠላት አያዳላም። ይቺ ሴት ወንድ ልጅ አላት?"

ማስመሪያውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ሐረግወይን ገቢሳን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ባለፈው ሐሙስ ሲሮጥ ብርጭቋን ሰብሮባት መናኸሪያው ውስጥ ስሙን እየጠራች ስትሰድበው ውላለች። አንድ ቃል ብትናገር የሻዩ ቦታ በሙሉ የሷ ነው።

"ይቺ?" አለች ሐረግወይን፣ እናቴን ከላይ እስከ ታች አይታ። "ወንድ ልጅ ቢኖራት ያቺን ምላሰኛ ሴት ልጇን ለቀበሌ ትሰጥ ነበር? ያለቻት እሷው ናት። እሷንም አለችኝ ካለች ነው።"

ማንም አልሳቀም።

"አንቺስ?"

"እኔም እግዜር ሴት በሴት ነው ያረገኝ። አራት ነፍስ በለኝ፣ ሁላችንም ቀሚስ ለባሽ።"

ልጇ ዋጋሪ በየትኛውም በር ሲገባ አንገቱን የሚሰብር ረጅም ጎረምሳ ነው። አራት ብዬ ጻፍኩ። ከሷ ቀጥሎ የነበሩት እናት ልጃቸው ሞቷል አሉ፤ ጠዋት ከሱ ጋር ሰላም ተባብለናል። ቀጥሎ ያለው ሰው መካን ነኝ አለ። ሁሉም ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ በመጀመሪያ ወረቀቱን ያያል፤ ማንበብ የማይችለው ከኋላው ያለውን ይጠይቃል። ስኳሩን ለጥቂት ነፍስ ወስደው ሄዱ።

ምዝገባው ሲያበቃ ጓድ ማዘንጊያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ያለው የተረፋ ምልክት ብቻ ነው።

"በዚህ ቀበሌ ወንድ አይወለድም ማለት ነው" አለ።  "ያችን ሴትዮ እንድታነብ ያደረጋት ማነው?"

 ጋሼ ገብረኪዳን መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

"ማንበብማ አብዮቱ ነው ያስተማራት፣ ጓድ" አለ።

 ካድሬው ወረቀቱን አጠፈ። "ነገ ጠዋት ቤት ለቤት እንሄዳለን። ሸዋርጋ፣ መዝገቡን አንቺ ነሽ የምትይዢው" አለና ወጣ።

ከቢሮ እንደተለቀቅኩ በቅድሚያ የተረፋን በር አንኳኳሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰማኝ። "ወዴት እሄዳለሁ፣ ሸዋርጋ?" አለኝ። "ሚስቴን ከነሕፃኗ ለማን ትቼ?" ወደ ቤት ስሮጥ እያለቀስኩ ነበር፤ ማልቀስ አልወድም።

እናቴ የገቢሳን ብርድ ልብስ ጆንያ ውስጥ ጨምራ ጨርሳለች። ስገባ በጥፊ መታችኝ። "ሰርተፊኬቱን ገዝተሽው ነው አልሽኝ?" አለች። ከዚያ አንገቴን አቅፋ ቆየች። መናኸሪያ የማታውቀው ሹፌር የለም፤ ለመንግሥት እርሻ ዕቃ ይዞ ወደ አንገር ጉቲን የሚወርድ መኪና አግኝታለች። እዚያ ከወሎ ከመጡት ሠፋሪዎች መሀል አንድ ሰው ቢጨመር ማን ያውቀዋል አለች።

"ወባ ይገድለዋል" አልኩ።

"ወባ ስም አይጠይቅም" አለች።

ገቢሳ ሁልጊዜ ሳቂታ ነው። ያን ቀን አልሳቀም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጓሮ ወጣ፤ ደህና ሁኑ እንኳን አላለንም፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

በማግሥቱ መዝገቡን ታቅፌ ከጓድ ማዘንጊያና ከአብዮት ጠባቂዎች ኋላ ኋላ ሄድኩ። ተረፋን ከበሩ ላይ ወሰዱት። ቆጡን ያያሉ፣ አልጋ ሥር ያጎነብሳሉ፣ ጎተራ ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ። ብዙው ቤት ባዶ ነበር። እኛ ቤት ስንደርስ እናቴ "ግቡ" አለች፤ ድምፅዋ ደህና ነበር። ቤቱን ጠርጋዋለች። ፍራሹን አንሥታዋለች። ሁሉን አይታለች፤ ከበሩ ኋላ ያለውን ግን አላየችም።

ጓድ ማዘንጊያ ጎንበስ ብሎ አነሣው። ጥንድ ኮንጎ ጫማ፣ ትልቅ፣ የወንድ፣ ተረከዙ ላይ የጓሯችን ጭቃ የደረቀበት።

"የማነው?"

እናቴ ጫማውን አየችው። 

"የኔ ነው" አልኩ።

"ያንቺ?"

"እማ ሁሉን ነገር ሲያድግልሽ እያለች ነው የምትገዛልኝ። ይኼን ቀሚስ አያዩትም? ሁለት ሰው ይይዛል። ጫማውም እግሬን እየጠበቀ ነው።"

መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። "አድርጊው።"

አደረግኩት። እግሬ ውስጡ ዋኘ። "ተራመጂ" አለ። ከበሩ እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ በሩ ተራመድኩ። እንዳይወልቅ ጣቶቼን አጥፌ ይዤዋለሁ። አብዮት ጠባቂዎቹ እግሬን ያያሉ፤ እናቴ ግድግዳውን ታያለች።

"ጥሩ ነው" አለ። "ከነገ ጀምሮ ቢሮ ስትመጪ እሱን ተጫምተሽ ነው የምትመጪው።"

ከዚያ ወዲህ አዲስ መዝገብ በተከፈተ ቁጥር ሰው ሁሉ ሳያነብ ስሙን አይሰጥም፤ ዓምዱን ግን ማንም አላነሣውም፤ እኔም አሰምረዋለሁ። ሹፌሩ ተመልሶ መጥቶ ሻይ እየጠጣ ለእናቴ በጆሮዋ ነግሯታል፦ ገቢሳ ደርሷል፣ ወባ ይዞት ተነሥቷል፣ ጥጥ ይለቅማል። ስለ ተረፋ የሰማ የለም። ሐረግወይን ለሚስቱ በየቀኑ ሻይ ትልክላታለች።

እኔ የገቢሳን ጫማ ጫፉ ውስጥ ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ። ጓድ ማዘንጊያ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሰላም ከማለቱ በፊት እግሬን ነው የሚያየው። ዝናብ ሲሆን ጨርቁ ይርሳል፤ ጫማው ጭቃው ውስጥ ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ጣቶቼን አጥፌ፣ መሬቱን ሳልለቅ፣ እየጎተትኩ፣ እስከ ጠረጴዛዬ እሄዳለሁ።